በሁለት ብስክሌት እስከ ቀይ አፈር

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ፣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰና ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ቆምን። ሹፌሩ «አምስት ደቂቃ ነው እናቴ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። ጎሚስታው የውስጡን ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገና ማስቲሽ ቀባው። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ከበርጩማው ተነሣሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ተነሣሁ። «ቸኩለው ነው እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ። አልቸኮልኩም፤ ሽንኩርት ልገዛ ነበር የወጣሁት። እግሬ ግን አንድ የሚረግጠው ነገር እንደ ቀረበት ሁሉ መሬቱን ይደበድብ ጀመር። ሴትዮዋ ምን ነካት ሳይሉ አልቀሩም።

ይኸውላችሁ፣ እኔ ጂንካ ነው ያደግሁት። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ባለፉበት በዚያን ጊዜ፣ የጂንካ አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው መሀል ነበር። ማረፊያ ልበለው እንጂ ሣር ሜዳ ነው። ከተማው ዙሪያውን ተሠርቶ፣ ሜዳው መሀል ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛው ያቋርጠዋል፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ እየተንጎራደደ ያጠናበታል። አይሮፕላን የሚመጣበት ቀን ሲሆን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ አይሮፕላን ማረፊያ ይሆናል።

ከሜዳው ጫፍ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ አምስት ብስክሌት የሚያከራይ ሰው ነበር። የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ጂንካ ደርሶ እዚያው የቀረ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ፊሽካ ከአንገቱ የማይለይ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ይለጥፋል። የማስቲሹ ሽታ ከሣሩና ከከብቱ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ከሩቅ ይቀበላችኋል። በሰዓት አያከራይም፤ ሰዓት የለውማ። የሚያከራየው በዙር ነው። ብስክሌቱ ላይ እንደ ወጣን ፊሽካውን ይነፋና ልክ ሰልፍ ሜዳ ላይ እንዳለ «በግራ ዙር!» ይላል። ሁላችንም በግራ እንዞራለን። ወደ ቀኝ ዞሮ የመጣ ከሌላው ጋር ይጋጫልና ዙሩ ይሰረዝበታል። ሕጉ ይህ ነው።

ሌላም ሕግ ነበረው። ብስክሌቱ ከሣሩ አይወጣም። «ጎማዬ አፈር ከነካ ሁለተኛ አትመጡም» ይለናል። ሾላው ሥር ሆኖ ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታየዋል፤ ማንም አያመልጠውም። ደግሞ የሁሉንም ብስክሌት ፍሬን ፈትቶ አውጥቶታል። «ሣር ላይ ፍሬን ምን ይሠራል? መርገጥ ተዉ፣ ይቆማል» ባይ ነው። እውነቱን ነው፣ ይቆማል። ስለዚህ እኛ የጂንካ ልጆች ብስክሌት ተማርን ስንል፣ በግራ መዞርንና መርገጥን ተማርን ማለታችን ነው። ማቆም የሚባል ነገር የትምህርቱ ክፍል አልነበረም። ይህንን ያወቅነው በኋላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ብስክሌት የሚነዱ ሴቶች እኔና ጓደኛዬ ብቻ ነበርን። እሷ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ናት። አባቷ ከከተማው በላይ ካለው ተራራ ላይ እንሰትና ቡና ያለማሉ፤ እሷ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ያህል ወርዳ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ብስክሌት ከእኔ በፊት ቻለች። ኮርቻዬን ከኋላ ይዛ እየሮጠች ያስተማረችኝ እሷ ናት። «ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ» እያለች ለካ ከለቀቀችኝ ቆይታለች። የእኔ አባት ነጋዴ ነው፤ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ ጂንካ ላይ የጨውና የእህል ሱቅ የከፈተ። ልጅህ ብስክሌት ትነዳለች ብለው ነግረውት ያውቃሉ። «ውሸት ነው» አላቸው። ቢያምን አንድ ነገር ማድረግ ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ አለማመኑን መረጠ።

እኔ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። ሱቅ ውስጥ ጨው እየሰፈርኩ እግሬ ከባንኮኒው ሥር ይንቀጠቀጣል። አባቴ «ያንን እግርሽን አንድ በይው» ይለኛል። ምን ልበለው? ሜዳው ላይ ሃያ ዙር ዞሬ ስወርድ ከተነሣሁበት ሾላ ሥር ነኝ። ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። የሄደ ሰው እንዴት ሳይደርስ ይመለሳል? ከሜዳው በስተምሥራቅ ቀይ አፈር ወደምትባለው ከተማ የሚወጣውን መንገድ እያየሁ፣ ዙሬ እዚያ ጫፍ ላይ በደረሰ ቁጥር መሪውን ወደ ግራ ማጠፍ ያመኝ ነበር። ጓደኛዬ ከኋላዬ «እጠፊው! እጠፊው!» ትለኛለች እየሳቀች።

አይሮፕላን በሚመጣበት ቀን ግን ዙር የለም። አከራዩ ብስክሌቶቹን በነፃ ይሰጣል። ከብቱንና ፍየሉን ከሜዳው የምናስወጣው እኛ ነን። ድምፁ ከተራራው ማዶ እንደተሰማ ፊሽካው ይነፋል፤ እኛ እየጮህን ከብቱን እንነዳለን። በዚህ ሥራ ጓደኛዬን የሚስተካከላት አልነበረም። እኔ በአማርኛ ስጮህ ላሞቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም፤ እሷ በአሪኛ አንድ ቃል ስትናገር ጅራታቸውን ሰቅለው ይሮጣሉ። «ላሞቹ ዘመዶቼ ናቸው» ትላለች። አከራዩም ለዚህ ሥራ ሁልጊዜ ሁለቱን ደህና ብስክሌቶች የሚሰጠው ለእሷና ለእኔ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን ውጤት በተቀበልንበት ክረምት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አርባ ምንጭ ላለው የመምህራን ማሰልጠኛ የተመረጡ ልጆች ስም ትምህርት ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ ሰው መሀል መጋፋት ፈራሁ። ጓደኛዬ ገባችና ቆይታ ወጣች። «አለሽ» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«ምዝገባው ዓርብ ያልቃል ይላል። ዓርብ ማለት ከነገ ወዲያ በማግሥቱ ነው።»

«አንቺስ አልኩሽ?»

«እኔማ ቡናዬን ልትከል» አለችና እጄን ይዛ ከዚያ ቦታ አወጣችኝ። ፊቷን አላየሁም፤ ከፊቴ ነበር የምትሄደው። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ለማየትም አልቸኮልኩም። ደስታዬ እንዳይቀንስብኝ ፈርቼ ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። የእህል ጆንያ እየሰፋ ነበር፤ መርፌውን ሳያቆም «አርባ ምንጭ ማን አለሽ?» አለኝ።

«ማንም የለኝም።»

«እንግዲያ ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን።»

በአባቴ አፍ «እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው። ጨካኝ ሰው አልነበረም፣ እንዳትታዘቡብኝ። አንድ ልጁ ነኝ፤ ሱቁ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ መንገዱን ደግሞ ያውቀዋል። ጂንካ የሚገባ የሚወጣ የጭነት መኪና ሁሉ ከሱቁ ደጃፍ ነው የሚጭነው። ያለ እሱ ፈቃድ እኔን የሚያሳፍር ሹፌር ጂንካ ውስጥ አይገኝም። ረቡዕን ሙሉ እያለቀስኩ ዋልኩ። ያን ዓመት ካልሄድኩ መቼም እንደማልሄድ አውቄዋለሁ። ያ እግሬ ከባንኮኒው ሥር ሲንቀጠቀጥ ሊያረጅ ነው።

ጓደኛዬ ማታ በጓሮ መጣች። «ነገ ሐሙስ ነው» አለች። «የቀይ አፈር ገበያ ነው። ከኮንሶ የሚመጡ መኪናዎች ስምንት ሰዓት ላይ ጭነው ይመለሳሉ። እነዚያ አባትሽን አያውቁም።»

«ቀይ አፈር በምን እደርሳለሁ?»

«ነገ አይሮፕላንም ይመጣል» አለች።

ሲገባኝ አፌን በእጄ ያዝኩ። ከጂንካ ቀይ አፈር አርባ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሁለታችንም ከሣሩ ወጥተን አናውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ቀሚስ ደርቤ ለበስኩ። ሻንጣ መያዝ አይታሰብም። ሰርተፍኬቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ሾላው ሥር ስደርስ አከራዩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምነው ወፈርሽ?» አለኝ።

«ብርድ ብርድ ይለኛል ጋሼ።»

«ወባ ነዋ። ብትተኚ አይሻልሽም?»

«አይሮፕላኑ ይለፍና እተኛለሁ።»

ደህናዎቹን ሁለቱን ሰጠን። የአንዱን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየና፣ ሳይረካ ጥቂት ነፋልኝ። ያ ሰው ያን ዕለት ጎማዬን ሲነፋልኝ ያየሁት ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ልጎዳው መሆኔን ሳያውቅ ነበር የሚነፋልኝ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ድምፁ ከተራራው ማዶ ተሰማ። ፊሽካው ተነፋ። ጓደኛዬ ላሞቹን በአሪኛ ጮኸችባቸው፤ ሮጡ። ከኋላቸው እኛ። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ከብቱ ከሜዳው ምሥራቃዊ ጫፍ ሲደርስ ወደ ጎን ተበተነ። የማጠፊያው ቦታ መጣ። ጓደኛዬ በዚያን ዕለት «እጠፊው» አላለችም። ከሣሩ ወደ አፈሩ ስንዘል ጥርሴ ተጋጨ። ከኋላችን አይሮፕላኑ ሲወርድ ያ ሁሉ ጩኸቱ በላያችን አለፈ። ዞሬ አላየሁም። እየሳቅሁ ነበር፤ እንባዬም ይወርድ ነበር። ያንን ዓይነት ደስታ ከዚያ ወዲህ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ አልዋሻችሁም።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደ ልብ ነበር። ሌሊት ዘንቦ አድሮ ቀዩ አፈር አቧራ የለውም። ከግራና ቀኝ በቆሎው ከእኛ በላይ ቆሟል፤ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ይመጣል። ሰዎች ከማሳቸው ቀና እያሉ ይጮሁብናል። ሁለት ሴት ልጅ በብስክሌት ሲያዩ ምን እንደሚሉ ጓደኛዬ ትተረጉምልኛለች፤ ግማሹን ደብቃኝ ይሆናል። ከዚያ መንገዱ ወደ ታች አዘነበለ።

ቁልቁለት! ሜዳችን ላይ ቁልቁለት የለም። መርገጤን አቆምኩ። ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አልቆመም። እንዲያውም ባሰበት። ንፋሱ ሦስቱንም ቀሚሶቼን ወደ ኋላ ነፋቸው። ጓደኛዬ ከፊቴ እየጮኸች ነው፤ «በጫማሽ! ጎማውን በጫማሽ!» የላስቲክ ጫማዋን ፊት ጎማው ላይ ጭና በዚያ ታቀዘቅዛለች። የላስቲኩ ቃጠሎ ከሩቅ ይሸተኛል። እኔ እግሬን ለማንሣት ፈራሁ። ከታች መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ወደ ቀኝ! አምስት ዓመት ሙሉ ወደ ግራ ብቻ የታጠፈ እጄ እንቢ አለኝ። አእምሮዬ ቀኝ እያለ እጄ ወደ ግራ ሄደ፤ በቆሎ ውስጥ ገባሁ።

ዓይኔን ስገልጥ የማሳው ባለቤት፣ አንዲት አሪ እናት፣ ከላዬ ቆመው በእጃቸው የበቆሎ አገዳ ይዘዋል። ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬ እየሮጠች መጥታ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። ሦስቱን ቀሚሶች አንድ በአንድ እየገለጡ ቆጠሩና እንደገና ሳቁ። ለቀሚሶቼ ምስጋና ይድረሳቸውና ከጉልበቴ በስተቀር አልተጎዳሁም። የብስክሌቴ የፊት ቸርኬ ግን ተጣሟል። ሲዞር በየዙሩ ከሹካው ጋር እየተፋተገ ይንቀጫቀጫል።

«አለቀ» አልኳት። ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። «ተመለሺ። እኔም እመለሳለሁ። አባቴ እንደ ሆነ አይገድለኝም።»

ጓደኛዬ ቸርኬውን በጉልበቷ ተጭና በተቻላት አቃናችው። ከዚያ የራሷን ብስክሌት አቁማ ወደ እኔ ገፋችው። «በዚህ ውጪ» አለችኝ። «እኔ በዚያኛው።»

«ይህ እኮ አይነዳም።»

«ላሞች የነዳሁ እሱን አልነዳም?»

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ካኮ የምትባለውን መንደር ስናልፍ ፀሐዩ በረታ። በቆሎው ቀርቶ ቁጥቋጦው መጣ፤ መሬቱ ደረቀ። ፍየል የሚጠብቁ የበና ሰዎች ትንንሽ መቀመጫቸው ላይ ሆነው ዝም ብለው ያዩናል። ከኋላዬ የተጣመመው ጎማ ድምፅ ይመጣል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እኔ ወደፊት እየበረርኩ ነው። ዳገት ላይ ወርደን እንገፋለን፤ እኔ ገፍቼ እደርስና ቆሜ እየተቁነጠነጥኩ እጠብቃታለሁ። «ቶሎ በይ እንጂ!» እላታለሁ። አስቡት፤ ብስክሌቷን ሰጥታኝ፣ የእኔን ስባሪ እየጎተተች፣ ቶሎ በይ እላታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «ቆይ» አላለችኝም።

ቀይ አፈር ስንገባ ገበያው መሀል ላይ ደርሷል። ማር፣ ቅቤ፣ ፍየል፣ በቀይ አፈርና በቅቤ የታሸ ፀጉር፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ማሽላ ጭኖ ሸራ እያሰረ ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። ጓደኛዬ ብስክሌቷን እንደያዘች ፊቱ ቆመች።

«አርባ ምንጭ ውሰዳት» አለችው።

ሹፌሩ ወፍራም ሰውዬ ነው። ጉልበቴን አየ፣ ቀሚሶቼን አየ። «የማን ልጅ ናት?»

«የጌታ ልጅ ናት።»

«እሱማ ሁላችንም ነን። አባቷ ያውቃል?»

«አባቷ ቢያውቅ ኖሮ በብስክሌት ትመጣ ነበር?»

ሹፌሩ እየሳቀ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። ልወጣ እግሬን ሳነሣ ነው ድንገት ሁለቱ ብስክሌቶች ትዝ ያሉኝ። «አንቺ እንዴት ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«አንዱን እየነዳሁ አንዱን እጎትታለሁ» አለች። ሳቀች። ላብ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር።

አንድ ሰው አንድ ብስክሌት እየነዳ ሌላ ሲጎትት አይቼ አላውቅም። የአንዱ ቸርኬ ጠማማ ሆኖ፣ ፍሬን የሌላቸው፣ በዚያ ዳገትና ቁልቁለት። ግን ማመኑ ስለተመቸኝ አመንኳት። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጄን አወጣሁ። እሷ ሁለቱንም መሪ በሁለት እጇ ስለያዘች ልታውለበልብልኝ አልቻለችም። አገጯን ነቀነቀችልኝ።

በማግሥቱ ተመዘገብኩ። አስተማሪ ሆንኩ። አባቴ ከስድስት ወር በኋላ ግማሽ ኩንታል የበቆሎ ዱቄት ይዞ ማሰልጠኛው በር ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ «ምግባቸው አይጠቅምም ሲሉ ሰምቼ ነው» አለኝ፤ ታረቅን። ከዚያ በኋላ ሳውላ፣ ዲላ፣ ይርጋለም፣ ሌላም ብዙ ቦታ፣ አሁን ደግሞ ሐዋሳ አስተማርኩ። የትም ከአምስት ዓመት በላይ አልቆየሁም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «አንቺ ቤት የምትከራዪው ለመልቀቅ ነው» ይለኝ ነበር። ለጓደኛዬ እጽፋለሁ፣ እጽፋለሁ እያልኩ ሳልጽፍ ቀረሁ። መጀመሪያ ስንፍና ነበር፤ በኋላ ኀፍረት ሆነ። አባቴን ልቀብር ጂንካ ስሄድ እንኳ እሷ አግብታ ወደ ተራራው ወጥታ ስለነበር፣ ለሁለት ቀን ነው የመጣሁት ብዬ ሳልፈልጋት ተመለስኩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለሥልጠና ጂንካ ላኩኝ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል። ሚኒባሱ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ ሲያቀና፣ ወጣቶች ቆብ አድርገው፣ አጭር ጥብቅ ሱሪ ለብሰው፣ በብስክሌት እየተከታተሉ ቁልቁል ሲመጡ አየሁ። ከፊት የምትመራቸው ሴት ልጅ ናት። ሳላስበው ጮክ ብዬ «ፍሬን አላቸው?» አልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። አይሮፕላኑም ከከተማ ውጭ ወደ ተሠራለት ማረፊያ ከሄደ ቆይቷል። እኔ ግን ያ ቁልቁለት ካለፈ በኋላም ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ሁለት ብስክሌት ይዛ እንዴት ተመለሰች? ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነው።

ሥልጠናውን ትቼ ጠይቄ አገኘኋት። ከከተማው ዳር፣ በላስቲክ የተተከሉ የቡና ችግኞች ደጃፏን ሞልተውታል። ፀጉሯ ከሻሹ ሥር ሸብቷል። እንዳየችኝ ውኃ ማጠጫውን አስቀመጠችና «አንቺ ቀዥቃዣ!» አለችኝ። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ተቀመጥን። እኔ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። «አሁንም አይተውሽም?» አለች ወደ እግሬ እያየች። ያኔ ጠየቅኋት።

«የዚያን ዕለት መች ተመለስኩ?» አለች። «ቀይ አፈር የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋ አደርኩ። ዓርብንም ዋልኩ፣ አደርኩ።»

«ለምን?»

«መኪናው ቢበላሽስ? ኮንሶ ላይ ቢያወርድሽስ? ተመልሰሽ ብትመጪ በምን ትሄጃለሽ? ብስክሌቱን ይዤልሽ ነዋ።»

እሷ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ያለ አረም በጣቷ እየነቀለች ቀጠለች።

«ቅዳሜ ያ ወፍራም ሹፌር ተመልሶ መጣ። ገባች ወይ አልኩት። በሩ ሊዘጋ ሲል ገባች አለኝ። ከዚያ በኋላ ተነሣሁ።»

«እየጎተትሽ?»

«አይሆንም እኮ፤ ሞከርኩት፣ ወደቅሁ። ሜዳ ላይ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዤ እሄዳለሁ። ዳገት ላይ አንዱን ወስጄ አቆምና ለሌላው እመለሳለሁ። ሰኞ ማታ ገባሁ።»

እያንዳንዱን ዳገት ሦስት ጊዜ ሄዳዋለች ማለት ነው። አከራዩስ ምን አለሽ አልኳት። መጀመሪያ ቸርኬውን እንዳየ፣ ከዚያ እግሯን እንዳየ፣ ተቀመጪ ብሎ ውኃ እንዳመጣላት ነገረችኝ። አልተቆጣም። ብቻ ከዚያ ወዲያ ለሴት ልጅ ብስክሌት አላከራየም።

«ለአንቺም?»

«እኔስ ሴት አይደለሁ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ እጇን ከአፈሩ አራግፋ ጉልበቴ ላይ አኖረችው። «ግን የላክሽልኝ ሰላምታ ያን ሁሉ መንገድ አቀለለልኝ። ‹ያቺን ባለ ብስክሌት ልጅ ሰላም በልልኝ፣ በደህና ደረሰች በላት ብላኛለች› አለኝ ሹፌሩ።»

እኔ ምንም አልላክሁም። ማሰልጠኛው ደጃፍ ስንደርስ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲል አየሁና መኪናው በወጉ ሳይቆም ዘልዬ ሮጥኩ። ሹፌሩን ራሱን እግዜር ይስጥልኝ አላልኩትም። ሁለት ቀን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ስለ እሷ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ያ ሰውዬ ነው ፊቷን አይቶ ሰላምታዬን ከራሱ ያወጣላት። ይህንን ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኳትም።

«ሌላም ነገር ነበር ያልሽው» አለች ግንባሯን ቋጥራ። «ሁለት ነገር ነው የነገረኝ። ሁለተኛውን ረሳሁት። ስንት ዓመቱ! ምን ነበር?»

ያኔ ማለት የነበረብኝን ለማለት ጊዜው ያላለፈ መሰለኝ። «እሷ ባትኖር ኖሮ አልደርስም ነበር፣ ብያለሁ» አልኳት።

ጓደኛዬ ዓይኗን ወደ ችግኞቹ አድርጋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«አይ፣ እሱን አይደለም» አለች። «እሱን ብትይ ኖሮ አልረሳውም ነበር።»